«ከዚያስ?» ያለው ነብር

ተረት ተረት። «የላም በረት» ማለቱን ተዉትና ጠጋ በሉ፤ የዛሬው ተረት ላምም በረትም የለበትም። እናንተ ትልልቆቹም «የልጆች ነው» ብላችሁ እንዳትነሡ። እንዲያውም የማወራው ለእናንተ ነው።

ዱሮ፣ እንስሳ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ስሙን በማላውቀው አገር፣ አንድ ትልቅ ገደል ላይ ዝንጀሮዎች ይኖሩ ነበር። መሪያቸው አያ ጎፈሬ ይባላል። ደረቱ ሰፊ፣ ጎፈሩ እስከ ወገቡ የወረደ፣ ሲቆጣ ድንጋይ የሚያንከባልል ዝንጀሮ ነው። እንኮይ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። እናቷን መብረቅ ስለገደለባት ያሳደጋት እሱ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጭኑ ላይ ያስተኛትና ከጀርባዋ ቅማል ይለቅምላታል፤ እሷም የዋለችበትን ታወራለታለች፤ የጓደኞቿን ጠብ፣ ያየችውን ጥንዚዛ ሳይቀር። ሁለቱም ከቀኑ ሁሉ የሚወዱት ያንን ሰዓት ነበር።

የዝንጀሮዎቹ አገር ግን አንድ ልማድ ነበረው። ልጅ ሲጎረምስ አባት ጀርባውን ይሰጠዋል። ቅማል መልቀሙ ይቀራል፣ ወጉም ይቀራል። ልጁ የሚናገረው ለአባቱ ጀርባ ነው፤ አባት ሳይዞር «በቃ!» ካለ ነገሩ አለቀ። «ፊት የሰጡት ልጅ ይባልጋል» ይሉ ነበር ሽማግሌዎቹ። ማን እንዳወጣው እንጃ፤ ስትጠይቋቸው እነሱም አያውቁትም።

እንኮይ ጎረመሰች። አያ ጎፈሬም ጀርባውን ሰጣት። አንጀቱ እያረረ ነው የሰጣት፤ ግን ሰጣት።

በዚያው ሰሞን እንኮይ ወደቀች። ጎረምሶቹ ወደ መኝታቸው የሚገቡት ሰፊ የገደል ክፍተት ዘለው ነው። ስትዘል እግሯ ከዳትና ከታች ካለው ቁጥቋጦ ላይ ተዘረጋች። እግሯም ተሰነጠቀ፤ ከእግሯ ይልቅ ግን የጓደኞቿ ሳቅ አመማት። «ውድቂት» የሚል ስም አወጡላት። እያነከሰች ወደ አባቷ ሄደች።

«አባባ፣ ዛሬ እኮ...»

«በቃ! የመሪ ልጅ አታለቃቅስም።»

አልዞረም። ቢዞር ኖሮ እግሯን ያይ ነበር።

እንኮይ ወንዝ ወርዳ ስታለቅስ፣ ከማዶ ተኝቶ የነበረው አያ ነብሮ አያት። ይሄ ነብር አንድ እግሩ አንካሳ ነው፤ ሮጦ መያዝ ከተወ ቆይቷል። ገደሉን ስንት ጊዜ ዞሮታል፤ መግቢያውን ግን አላገኘውም።

«ምነው እንኮይ፣ ምን ሆንሽ?» አላት።

«ሂድ! ልትበላኝ ነው።»

«በዚህ እግሬ? ይልቅ እዚያው ሆነሽ ንገሪኝ።»

ከሩቅ ሆና ነገረችው፤ ስለ መውደቋ፣ ስለ ሳቁ። ነብር ጆሮውን ቀሰረና «ከዚያስ?» አለ። እሷም የቀረውን ነገረችው።

በማግስቱ ወደ አባቷ ሄደች። «አባባ፣ ያ ክፍተት አስፈራኝ።» «በቃ!» ወደ ወንዙ ወረደች። «አያ ነብሮ፣ ያ ክፍተት አስፈራኝ።» «ከዚያስ?»

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰነበተ። አባት «በቃ!» ይላል፣ ነብር «ከዚያስ?» ይላል። አያ ጎፈሬ «በቃ!» ባለ ቁጥር እንኮይ በወንዙ ውስጥ ወደ ነብሩ አንድ ድንጋይ ትጠጋለች። ለምን ያኔውኑ ዘሎ አልያዛትም ትሉኝ ይሆናል። ነብር ስስታም ነው፤ ለአንዲት ቀጫጫ ልጅ ብሎ የገደሉን ሁሉ ሥጋ ማጣት አልፈለገም።

አንድ ቀን እንኮይ አንገቷን ደፍታ፣ «አያ ነብሮ፣ አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገርህ» አለችው። «መዝለሉን ትቻለሁ። ማንም ሳያየኝ በአሮጊቶቹና በሕፃናቱ መግቢያ ነው የምገባው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ከትልቁ እሬት ጀርባ ባለው ስንጥቅ እሾልካለሁ። ወጥቶ የሚያደርሰው ሕፃናቱ ከሚተኙበት ነው።»

ነብር በዚህ ጊዜ «ከዚያስ?» አላለም። ተነሣ፣ ጢሙን ላሰ፣ እያነከሰ ሄደ። እንኮይ ያን ጊዜ ገባት። 

እየሮጠች ወደ አባቷ ወጣች። ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል።

«አባባ፣ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ስማኝ።»

«በቃ! ያጠፋ ልጅ ጥፋቱን ያስባል እንጂ አያወራም።»

«አባባ፣ ነገሩ የእኔ ብቻ አይደለም...»

«በቃ ብያለሁ!»

ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደች። እነሱም «አባትሽን ዘለሽ ነው ወደ እኛ የመጣሽው?» ብለው አባረሯት። ልማድ ነዋ! ስለዚህ እንኮይ ብቻዋን ሄዳ ከስንጥቁ አፍ ላይ ተቀመጠች። ሕፃናቱ ከኋላዋ ተኝተዋል። ዕድሜዋ ገና ነው፤ ጥርሷም እንኳ በቅጡ አልበረታም።

ሊነጋጋ ሲል ጉም ገደሉን ሞላው። እሬቱ ተንቀሳቀሰና የነብር ራስ ብቅ አለ።

«አባባ!» ብላ ጮኸች።

አያ ጎፈሬ ነቅቷል። ፀሐይ ሊሞቅ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ተቀምጧል። «ዛሬ ደግሞ ገና ሳይነጋ?» አለ። «በቃ!»

«አባባ!»

«በቃ!»

ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም። አያ ጎፈሬ ደስ አለው። «እንዲህ ነው የታረመች ልጅ» አለ፣ ለራሱ።

ሕፃናቱ ሲያለቅሱ ነው የዞረው። እንኮይ ስንጥቁን በገላዋ ስለዘጋችው አንድም ሕፃን አልተነካም። ነብሩ ያገኘው እሷን ብቻ ነው። እሬቱ ላይ ፀጉሯ ተንጠልጥሏል።

አያ ጎፈሬ ደሙን ተከትሎ ወረደና ነብሩን ሾላ ዛፍ ላይ አገኘው። የጠገበ ነብር አይጣላም፤ እግሩን አንጠልጥሎ ያየዋል።

«አንተ አንካሳ! ልጄን በምን አጠመድካት?»

«በጆሮዬ።»

«ምን ብለህ አታለልካት?»

«ምንም አላልኳት። ‹ከዚያስ?› ነው ያልኳት፤ የቀረውን ራሷ ነገረችኝ። ስትወድቅ እግሯ እንደተሰነጠቀ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ውድቂት እያሉ እንደሚስቁባትስ?»

«አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ» አለ ነብር። «ወጓ ይጥም ነበር። እውነቴን ነው፣ እሱ ይናፍቀኛል።»

አያ ጎፈሬ ዛፉ ላይ አልወጣም። ጉልበት አጥቶ አይደለም፤ ጥፋቱ የራሱ ጀርባ መሆኑ ገብቶት ነው።

ገደሉ ላይ ተመልሶ ስንጥቁን በድንጋይ ደፈነ። ከዚያም ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ፣ «ጀርባ መስጠት የሚባል ልማድ ከዛሬ ጀምሮ የለም። የጎረመሰም ልጅ ቢሆን ፊት ለፊት ይሰማል» አለ። አንድም የተከራከረው የለም። ዛሬም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገደል አፋፍ ብትሄዱ፣ ዝንጀሮ ያደገ ልጁን አስተኝቶ ቅማል ሲለቅምለት ታያላችሁ።

አያ ጎፈሬ ግን የሚለቅምለት ጀርባ አልነበረውም። እስኪሞት ድረስ ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ ወደ ደፈነው ስንጥቅ ፊቱን አዙሮ ይቀመጣል። ጆሮውን ድንጋዩ ላይ ያስጠጋል። «ከዚያስ፣ ልጄ?» ይላል። «ከዚያስ?»



ተረቴን አትመልሱልኝ፣ ለአፌም ዳቦ አልፈልግም። ቤታችሁ ስትገቡ ያን ጥግ ይዞ ያኮረፈውን ጎረምሳ ጠጋ በሉት፤ ከመቆጣታችሁ በፊት ስሙት። የልጁን ወግ ያልሰማ፣ የልጁን ዋይታ ይሰማል።