የቮላኖው ምስክርነት

አንድ መካኒክ ነበር፤ ቢተው ይባላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪና ሲፈታና ሲገጥም የኖረ፣ የሞተርን ሕመም በድምፁ ብቻ የሚለይ ሰው ነው። በእጁ የሚታማ አልነበረም። በአንደበቱ ግን ፈሪ ነበር። ደንበኛ የማይወደውን ነገር መናገር ሲኖርበት ጨርቁን አንሥቶ እጁን ይጠርግና «ዝም አይነቅዝም» እያለ ለራሱ ይተርታል።

ከደንበኞቹ ሁሉ አብልጦ የሚያከብረው አቶ ዘርጋው የሚባሉትን የእህል ነጋዴ ነበር። አቶ ዘርጋው ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ቀይ የድሮ ስፖርት መኪና አለቻቸው። በወጣትነታቸው የገዟት ናትና እንደ ዓይናቸው ብሌን ይሳሱላታል።

ከስድስት ዓመት በፊት አንድያ ልጃቸው ይትባረክ አስፈቅዶ ይዟት ወጣ። ዳገት መሐል ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ አልሄድ አለች፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። የሞተሩን ጉልበት ለጎማ የሚያደርሰው ፍሪሲዮን አልቆ ነበር። በሰው ተገፍታ ቤት ስትደርስ አቶ ዘርጋው ከእንግዶች ጋር ተቀምጠዋል። በእነዚያ ሁሉ ሰዎች ፊት «አንተ የነካኸው ነገር ሁሉ አመድ ነው! ከደጄ ጥፋ!» አሉት። ልጁም ጠፋ። ሌላ ከተማ ገብቶ ሥራ ያዘ፤ የአባቱን ደጅ ዳግመኛ አልረገጠም።

ያኔም መኪናዋን የጠገናት ቢተው ነው። ፈትቶ ሲያያት የፍሪሲዮኑ ሸራ፣ ያ የሚፋተገው ልባስ፣ በዓመታት ቀስ እያለ ያለቀ እንጂ በአንድ ቀን የነደደ አልነበረም። ምክንያቱንም ያውቀዋል። አቶ ዘርጋው ሲነዱ ግራ እግራቸውን ከፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ አያነሡም፤ እግር ባረፈበት ቁጥር ሸራው እየተንሸራተተ፣ እየጋለ ይበላል። «ልጁ ነው አይደል የፈጃት?» ብለው ሲጠይቁት ግን ቢተው ጨርቁን አንሥቶ እጁን ጠረገ። ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠሩለት። እሱም አዲስ ፍሪሲዮን ገጥሞ ሸኛቸው።

ዘንድሮ ይትባረክ ሊያገባ ሆነና ሽማግሌዎች መሐል ገቡ። አቶ ዘርጋው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ልጁ እንደ ወጉ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ በዚያን ቀን በነበሩት እንግዶች ፊት ይቅርታ ይለምን። አለዚያ ሠርጉ ላይ አይገኙም። ይትባረክ መጀመሪያ «ያላጠፋሁትን አልሸከምም» አለ። የእናቱ እንባ ሲበዛበት ግን እሺ አለ። ቀኑም ለቅዳሜ ተቆረጠ።

በዚያው ሳምንት መኪናዋ እንደገና ቆመች። አቶ ዘርጋው አስጎትተው ወደ ቢተው አመጧትና «ለቅዳሜ አድርስልኝ። ይቅር ካልኩት በኋላ ቁልፏን ለሙሽራው ልሰጠው ነው» አሉት።

ቢተው ካምቢዮውን አወረደ። ሸራው አልቆ ብረት ብረትን ሲፍቅ ከርሟል። ከሸራው ጀርባ ያለው ከባድ ክብ ብረት፣ ቮላኖው፣ ፊቱ ታርሶ በግለት ብዛት ሰማያዊ ሆኗል፤ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅም አውጥቷል። በቶርኖ ማሽን ተልጎ የሚድን አይደለም። ቢተው ብረቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ። በስድስት ዓመት ውስጥ ይህችን መኪና ከአቶ ዘርጋው በቀር የነዳት ሰው የለም። አፈረ። አንዲት ቃል ነፍጎ አባትና ልጅ እንዳለያየ ያን ቀን በደንብ ገባው።

ዓርብ ጠዋት አቶ ዘርጋው መጡ።

«አለቀ?»

«አዲስ ቮላኖም አዲስ ፍሪሲዮንም አግኝቻለሁ፣ ጋሼ። ከመግጠሜ በፊት ግን አሮጌውን ይዩልኝ።»

ስንጥቁን በጣታቸው ዳሰሱት። «አየህ የዚያን ልጅ ጥፋት? ጦሱ እስከ ዛሬ አለቀቃትም።»

የቢተው እጅ ጨርቁን ፈለገ። ከዚያ ተወው።

«ልጁ ምንም አላጠፋም። ያኔም ዛሬም የፈጃት የእርስዎ ግራ እግር ነው። ፔዳሉ ላይ አሳርፈው ነው የሚነዱት። አውቄ ነው ዝም ያልኩት፤ ፈራሁዎት።»

የአቶ ዘርጋው ፊት ጠቆረ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ልጄን ስረግመው እየሰማህ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ዛሬ ምን አናገረህ?»

«ነገ ድንጋይ የሚሸከመው እሱ መሆኑ።»

አቶ ዘርጋው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡና ግራ እግራቸውን እንደ ሌላ ሰው እግር እያዩት ብዙ ቆዩ። ሲነሡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። «አሮጌውን ብረት እንዳትጥለው» ብለው ወጡ።

ቅዳሜ እንግዶቹ ተሰበሰቡ። ይትባረክ ድንጋዩን በትከሻው አድርጎ ግቢው መሐል ቆመ። የአባቱ ወንበር ግን ባዶ ነበር። ሰው መንሾካሾክ ሲጀምር የውጭው በር ተከፈተ። አቶ ዘርጋው ያንን ቮላኖ ተሸክመው፣ ነጭ ጋቢያቸው ጥላሸት ጠጥቶ፣ ጎንበስ ብለው ገቡ። ከኋላቸው ቢተው ያለቀውን ፍሪሲዮን ይዞ ይከተላል።

«ልጄ፣ ድንጋዩን አውርድ» አሉ። «መኪናዋን የፈጀሁት እኔ ነኝ። በእነዚህ ሰዎች ፊት አዋረድኩህ፤ በእነዚሁ ፊት ይቅር በለኝ።»

ቢተውም «እኔም አውቄ ደብቄአለሁ» አለ።

ይትባረክ ድንጋዩን ጥሎ ሮጠና ብረቱን ከአባቱ ትከሻ ላይ ያዘው። «አባዬ፣ ይከብድዎታል፤ ይስጡኝ።»

«ተው ልጄ፤ አንተ ስድስት ዓመት ተሸክመኸዋል።»

በማግሥቱ መኪናዋን የነዳት ይትባረክ ነው። አባቱ አጠገቡ ተቀመጡ። በዚያ በኩል እግር የሚያሳርፉበት ፔዳል አልነበረም።

ወዳጄ ሆይ፣ «ዝም አይነቅዝም» የተባለው ክፉ ቃል እንዳንናገር ነው። የሌላውን ሰው ንጽሕና እያወቁ ዝም ማለት ግን ይነቅዛል፤ የሚበላውም ዝም ያለውን ብቻ አይደለም። ልጅህን፣ ሚስትህን፣ ባልንጀራህን «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» ከማለትህ በፊት የራስህ እግር የት እንዳረፈ ተመልከት። እስቲ ዛሬ ለራስህ አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ያለ የአንተ ድንጋይ የለም?