ምቷን የሳተችው ከበሮ መቺ

እስቲ ስልካችሁን አስቀምጡና ስሙኝ።

አንዲት ልጅ ነበረች። ከእናንተ ብዙም የማትበልጥ፣ አዳማ የምትኖር፣ የሰንበት ተማሪ። ኤፍራታ እንበላት።

ይቺ ልጅ ከበሮ ስትመታ ማየት ነበረባችሁ! አንገቷ ላይ ታንጠለጥለውና ትንሽ ጎንበስ ብላ፣ መጀመሪያ ቀስ... ቀስ... ከዛ ሲሞቅ በቃ፣ በር ላይ የቆሙት እናቶች እንኳን ሳያውቁት ያጨበጭባሉ። ምት ስታ አታውቅም። አንድም ቀን!

ሰውነቷ ደግሞ ሞላ ያለ ነው። እና ምን አለበት? ምንም! እሷም ነገሬ ብላው አታውቅም ነበር፣ ኪሩቤል እስኪቀልድ ድረስ።

የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ነው። ለትንሣኤ አዲስ የመዝሙር ቀሚስ ሊሰፋ፣ ልብስ ሰፊው ልክ እየወሰደ ነበር። ሜትሩን ወገቧ ላይ ሲያዞር፣ ኪሩቤል፣ ያው የመዘምራኑ ቀልደኛ፣ "ጋሼ! ቀሚስ ነው እንጂ የከበሮ ልብስ ይሰፋ አልተባለም እኮ!" አለ።

ሁሉም ሳቀ። እሷም ሳቀች። እንዲያውም ከሁሉም በላይ የሳቀችው እሷ ናት።

እቤት ስትገባስ? መስታወት ፊት ቆመች። ሆዷን ወደ ውስጥ ሳበች። ለቀቀችው። እንደገና ሳበች።

ከዛ ስልኳ ላይ አንዷ "በሳምንት ሆድ ድራሹ ይጠፋል" ብላ ስታወራ አየች። ነገሩ ሌላ እንዳይመስላችሁ፣ የሆድ ድርቀት ኪኒን ነው፤ ያው የሚያስቀምጠው። ከሰፈሯ ራቅ ወዳለ ፋርማሲ ሄደች።

"ለማን ነው?" አላት ፋርማሲስቱ።

"ለአያቴ።"

አያቷ እኮ ካረፉ ቆይተዋል።

ዋጠች። ሆዷን እየቆረጣት ሽንት ቤት ስትመላለስ ዋለች። ጠዋት ቀሚሷ ሰፋ አለላት፣ ደስ አላት። ግን ምን መሰላችሁ የወጣው? ስብ? ኧረ ውሃ ነው! ስትጠጣ ተመልሶ የሚመጣ ውሃ!

አንዱ አልበቃ አላት፣ ጨመረች። ሲቆይ አንጀቷ ራሱ ያለ ኪኒን አልሠራም አለ። ልተወው ስትል ሆዷ ይነፋል፣ ትደነግጣለች፣ ደግማ ትውጣለች።

ሰው አላየም ነበር? አይቷል እንጂ! ግን ምን ብሎ አየ?

ፊቷ ገረጣ፣ ከንፈሯ ደረቀ፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ጊዜው ደግሞ ጾም ነው። "ይቺ ልጅ እስከ ስንት ሰዓት ነው ሳትበላ የምትቆየው?" ይላል አንዱ። "ኧረ ስግደቱን በርትታበት ነው!" ይላል ሌላው። እናቷ ወይዘሮ ትርንጎማ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ "የኔ ልጅ ለሥጋዋ አትሳሳም" እያሉ ያወራሉ። ኤፍራታ ይሄን ስትሰማ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትመርጣለች። ግን አንዴ ጾመኛ ከተባለች በኋላ እንዴት ብላ ትናገር?

ለሆሳዕና ልምምድ ላይ ናቸው። ከበሮው አንገቷ ላይ ነው። ቀስ... ቀስ... ከዛ ምት ሳተች። ኪሩቤል ዞር ብሎ አያት። ደግማ ሳተች። እግሯን ጨመደዳት፣ ልቧ ድው አለ... ዝም... ከዛ ድውድውድው። ከነከበሮው ወደቀች።

ሆስፒታል እናትየው፣ "ጾሙ ነው የጎዳብኝ፣ ዶክተር" አሉ።

ዶክተሯ፣ "እናቴ፣ እኔም እየጾምኩ ነው። ጾም ልብን እንዲህ አያደርግም። እስቲ እርስዎ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን" አለቻቸው። በሩን ገፋ አድርጋ ዞረች። "ማሬ፣ ምን እየወሰድሽ ነው? አልቆጣሽም።"

ነገረቻት።

ዶክተሯ የልብ ምርመራውን ወረቀት አሳየቻት። "ይሄ የልብሽ ምት ነው። እዚህ ጋ ስቷል፣ አየሽ? እዚህም። ተቅማጡ ውሃሽን ብቻ አይደለም ያወጣው፣ ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድንም ጠርጎ ነው ያወጣው። እሱ ሲጎድል ልብ ምቱን መጠበቅ ያቅተዋል። ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ..." አልጨረሰችውም።

በሩ ተከፈተ። እናቷ ሁሉንም ሰምተዋል። "እያለቅሽብኝ እኔ ስኮራብሽ! ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ?"

"ደስ ብሎሽ ነበራ" አለች ኤፍራታ።

ትንሽ ሲሻላት ኪሩቤል ሙዝ ይዞ መጣ። ያ ሁሉ አፍ የት እንደገባ እንጃ፣ ወለሉን ብቻ ያያል።

"ከበሮዬን ማን ይዞታል?"

"ማንም። ተሰቅሏል።" ሙዙን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። "ኤፊ... ያን ቀን ስትስቂ ጊዜ እኮ የተመቸሽ መስሎኝ..."

"ካልሳቅኩ አለቅሳለሁ ብዬ ነው" አለችው።

ለትንሣኤ አልመታችም። አዲሱን ቀሚስ ለብሳ ከፊት ተቀምጣ አጨበጨበች። ቀሚሱ የተሰፋው በድሮው ልኳ ነውና እንደ ጆንያ ተንጠለጠለባት። ዶክተሯ እየተከታተለቻት፣ እናቷ እያበሏት፣ ቀስ በቀስ... ለጰራቅሊጦስ ቀሚሱ ልክክ አለ! ከበሮውም አንገቷ ላይ ተመለሰ። ኪሩቤል ምን ቀለደ? ምንም። አጨበጨበ።

እናንተስ? እዚህ መሐል ከልባችሁ ሳይሆን የምትስቁ የላችሁም? ራቅ ያለ ፋርማሲ ሄዳችሁ "ለአያቴ" የምትሉ የላችሁም? ኪኒኑ እኮ በሐኪም ለታዘዘለት ደህና ነው፤ ለመቅጠን ግን አልተሠራም። ከጀመራችሁ ደግሞ ለብቻችሁ አትታገሉ። ለአንድ ሰው ተናገሩ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። አታሳፍሩም! ስሙኝ፣ አታሳፍሩም!

እናንተ ቀልደኞች፣ የሳቀ ሁሉ የተመቸው አይምሰላችሁ። እኛ ሁላችን ደግሞ፣ የገረጣ ሰው ስናይ ከማሞገሳችን በፊት "ደህና ነሽ ወይ?" ብንል ምን እንሆናለን?

አሁን እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ። አድርጉ እንጂ! ተሰማችሁ? ማንም ሳይነግረው ይመታል። ይሄን ምት የሰጣችሁ ጌታ ልካችሁንም ሲወስድ አልተሳሳተም።