የዳልቻ ሦስተኛው ክረምት

ተጠጉ፣ ተጠጉ፤ ከኋላ ያላችሁም ወደ ፊት ኑ። የዛሬው ተረቴ የሚጀምረው ከላም በረት ነው፤ በረቱ ግን ባዶ ነው። ለምን ባዶ ሆነ አትሉኝም? እሱን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።

ከብት በሚናገርበት፣ ዕቃም አፍ በነበረው በዚያ በድሮው ዘመን አያ ይመኑ የሚባል ገበሬ ነበር። ሚስቱ ትርንጎ ትባላለች። በሬ ከጎረቤት ይዋሳሉ፤ የራሳችን የሚሏት ከብት ዳልቻ የምትባል አንዲት አሮጊት ላም ብቻ ናት። ዳልቻ ወልዳ ወልዳ ጨርሳ ወተቷ ከነጠፈ ቆይቷል። አሁን የቀራት ሥራ ገለባ መብላትና እበት መጣል ነው።

አንድ ቀን አያ ይመኑ ከገበያ ሚዛን ገዝቶ መጣ። መንጠቆው የሚያብረቀርቅ፣ ኩራቱ የማይቻል ሚዛን ነበር። ገና ተሰቅሎ ሳይጨርስ ዓይኑ ዳልቻ ላይ አረፈ።

«ይቺ ምን ትሠራለች?» አለ ሚዛን።

«እበት ትጥላለች። ከማዳበሪያው ጋር ማሳዬ ላይ እበትናለሁ» አለ አያ ይመኑ።

«ማዳበሪያ እያለ እበት! ለመሆኑ ይጠቅማል አይጠቅምም ብለህ አጥንተሃል?»

«ኧረ አላጠናሁም።»

«እንግዲያው እናጥና። ማሳውን ለሁለት ክፈለው። ለግራው ማዳበሪያ ስጠው፤ ለቀኙ የዳልቻን ፍግ ብቻ። ሁለቱም ላይ ስንዴ ዝራ። ሲወቃ እኔ እፈርዳለሁ። የፍጉ ስንዴ ካላነሰ ላሚቱ ትኑር፤ ካነሰ ቅርጫ ትግባ!»

ይሄኔ ማሳው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይመኑ፣ አትቸኩል» አለ ማሳው። «ስንት ዘመን ማዳበሪያውን ስታቀምሰኝ ኖረህ እኔም እሱን ለምጄ ሰንፌያለሁ። ሆዴ ውስጥ የነበሩት ትሎች እንኳ ጥለውኝ ሄደዋል። ፍግ ብቻውን ማብላላት እስክለምድ ሦስት ክረምት ስጠኝ።»

«ሦስት ክረምት እጠብቃለሁ። ቃሌ ቃል ነው» አለ አያ ይመኑ። ሚዛኑም ሰማ፤ ማሳውም ሰማ፤ ዳልቻም ሰማች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳልቻ ስትበላም ስታመነዥክም ሐሳቧ ቀኙ ማሳ ላይ ነው። ገለባውን አላምጣ አላምጣ ትውጣለች። ትርንጎም ጠዋት ጠዋት ፍጉን በቅርጫት እየተሸከመች ወስዳ ቀኙን ማሳ ታለብሰዋለች።

የመጀመሪያው ክረምት አለፈ፤ ስንዴው ተወቃ። ሚዛኑ የግራውን ተሸክሞ ቁልቁል ተሳበ። የቀኙን ሲሰቅሉበት ሳቀ።

«ይኼ ስንዴ ነው ወይስ ላባ? ግራው በብዙ በልጧል!»

አያ ይመኑ ዳልቻን ገላመጣት።

«ገና ሁለት ክረምት አለኝ» አለች ዳልቻ።

«አለሽ» አላት። ገለባዋን ግን ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቀነሰባት። ገለባ ቀንሶ ሲያበቃ ደግሞ ፍጉ አነሰ ብሎ ያማርራል! እንዲህ ያለው ሰው ያናድደኛል።

ሁለተኛው ክረምት አለፈ፤ ስንዴው ተወቃ።

«አሁንም ግራው በለጠ» አለ ሚዛን።

«በብዙ?» አለች ዳልቻ።

«በትንሽ። ግን በልጧል፣ አለቀ!»

ስንዴው በየጎተራው ገብቶ ጥቂት እንደቆየ አንድ ነቀዝ ብቅ ብሎ ወደ ዳልቻ መጣ።

«እመት ዳልቻ፣ የእርስዎ ስንዴ ጥርሴን ሰበረው። የግራው ግን ውኃ ያዘለ ለስላሳ ነው፤ ዘመድ አዝማድ ጠርቼ ገብቼበታለሁ።»

ዳልቻ በደስታ ጮኸች። «አያ ይመኑ፣ ይምጡ፣ ይስሙ! ነቀዙ የሚለውን ይስሙ!»

ትርንጎም ከጓዳ ወጥታ አገዘቻት። «አንተ ሰው፣ እኔም ዝም ብዬ ነው እንጂ አይቼዋለሁ። የቀኙ ዱቄት ሊጡ እጅ ይሞላል፤ ዳቦው አንድ ቁራሹ ያጠግባል። የግራውን የበሉ ልጆቻችን ግን ወዲያው እራበን ይላሉ።»

ሚዛኑ ከተሰቀለበት ተወዛወዘ። «ነቀዝ ደግሞ መቼ ነው ምስክር የሆነው? ጥጋብስ እስቲ እኔ መንጠቆ ላይ አንጠልጥሉት! እኔ ላይ ካልተንጠለጠለ ነገሩ የለም ማለት ነው።»

አያ ይመኑ ከሚስቱም ከነቀዙም ይልቅ ሚዛኑን አመነ። ለምን ብትሉኝ፣ ሚዛኑን በገንዘቡ ገዝቶታላ!

ፋሲካ ደረሰ። ጎረቤቶች መጥተው «ዘንድሮ የቅርጫ ነገር እንዴት ነው?» አሉ። አያ ይመኑ ወደ በረቱ አየ።

«አያ ይመኑ፣ ሦስት ክረምት ብለው ነበር እኮ» አለች ዳልቻ።

«ብዬ ነበር። ሁለቱን አየነው፤ ሦስተኛውም ያው ነው።»

ትርንጎ ገመዱን ይዛ አልለቅም አለች። አለቀሰች፣ ለመነች። እሱ ግን ከእጇ ነጥቆ ላሚቱን ደጅ አወጣት።

ሚዛኑ ሥራ አገኘሁ ብሎ «ሥጋውን እኔ ልመዝንላችሁ!» አለ። ጎረቤቶቹ ሁሉ ተቆጡ።

«ቅርጫ በሚዛን? አጥንትም ይከብዳል እኮ! ለአንዱ ጉበት፣ ለአንዱ ቅልጥም ሊደርሰው ነው? ከጉበቱም፣ ከሽንጡም፣ ከዳቢቱም፣ ከጨጓራውም ለየመደቡ ይግባ። ከዚያ ዕጣ ይጣል።»

«እውነት ነው፤ ክብደት ብቻውን ምን ይሆናል!» አለ አያ ይመኑ ራሱ።

ዳልቻ ታስራ ይህን ሰማች። ለሥጋዬ እንዲህ የሚያስቡ ሰዎች ለስንዴዬ ምነው አላሰቡለት አለች በልቧ። ካራው ሲሳል እሷ ገና ያንን ታስብ ነበር።

ሥጋዋ በየመደቡ በእኩል ተከፋፈለ፤ ማንም ቅር አላለውም። ቆዳዋ በችካል ተወጥሮ ደረቀና ቁርበት ሆነ።

ሦስተኛው ክረምት መጣ። ዳልቻ ትታው የሄደችው የመጨረሻ ፍግ ቀኙ ማሳ ላይ ተበተነ። ትሎቹ ተመልሰው መጡ። አፈሩ ጠቆረ፣ ለሰለሰ፤ ዝናብ ሲቋረጥ እንኳ እርጥበቱን አልለቀቀም። ስንዴው ተወቅቶ የሚገለበጥበት ነገር ሲፈለግ የዳልቻ ቁርበት አውድማው ላይ ተነጠፈ። የራሷ ስንዴ ጀርባዋ ላይ ሲፈስ አወቀችው።

ግራው ተሰቀለ። ቀኙ ተሰቀለ።

«እኩል ነው» አለ ሚዛን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አያ ይመኑ በደስታ ዘለለ። «ትርንጎ! ሰማሽ? ከመጪው ክረምት ጀምሮ ማሳው በሙሉ ፍግ ይልበስ!»

«ከየትኛዋ ላም?» አለች ትርንጎ።

አያ ይመኑ ወደ በረቱ ዞረ። በረቱ ውስጥ ካስማውና የተበጠሰ ገመድ ብቻ ነበሩ። ሌላ ላም ለመግዛት አቅም አልነበረውም።

ቁርበቷ ከስንዴው ሥር ተናገረች። ቆዳዋ ከተገፈፈ በኋላ አንቱታ ምን ሊያደርግላት፣ አንተ አለችው። «ሦስት ክረምት ብለህ ነበር።»

«ዳልቻ! ምነው ታዲያ ያኔ አጥብቀሽ ብትነግሪኝ?»

«ነገርኩህ። ነቀዙም ነገረህ፤ ሚስትህም ነገረችህ።»

አያ ይመኑ ጥፋተኛ ፈልጎ ወደ ሚዛኑ አፈጠጠ።

«እኔን ምን አድርግ ትለኛለህ?» አለ ሚዛን። «ክብደት ጠየቅከኝ፤ ክብደት ነገርኩህ። ቀኑ ሳይደርስ ካራ ያነሣኸው አንተ ነህ።»

በዓመቱ ቀኙ ማሳ ወደ ማዳበሪያው ተመለሰ። ትሎቹም ዳግመኛ ተሰደዱ። ትርንጎ ዳቦ በጋገረች ቁጥር ልጆቹ ወዲያው እራበን ይሏታል፤ እሷም ባሏን ታየዋለች፤ እሱም መሬት መሬት ያያል።

እንግዲህ ልብ በሉ። መረመርኩ የሚላችሁ ሰው ሲመጣ ምን እንዳገኘ ብቻ አትጠይቁት፤ ምን ሳይጠይቅ እንደቀረና ስንት ክረምት እንደጠበቀም ጠይቁት። ፍርዱ ሲሳሳት የሚታረደው ፈራጁ አይደለም።

ተረቴ አለቀ። ለአፌ ማበሻ ዳቦ ልትሰጡኝ ካሰባችሁ፣ አደራ፣ አትመዝኑልኝ፤ መጀመሪያ እናንተው ቅመሱት።