አማቹን በስልክ ያጣሩት አጎት

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣ ሦስት ሽማግሌዎች በአቶ አስናቀ ሳሎን መሃል ቆመው ነበር። «ኧረ ተቀመጡ» ተብለዋል፤ አልተቀመጡም። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ መልሱን ሳይሰማ አይቀመጥማ! ወግ ነው። ወጉን ያወጣው ሰው ግን ጉልበቱን የሚያመው እንዳልነበረ ያስታውቃል። የሽማግሌዎቹ ተናጋሪ ጋሽ ክንፉ አንዴ በቀኝ እግራቸው፣ አንዴ በግራው ክብደታቸውን እየጣሉ፣ ፊታቸው ላይ ፈገግታ እንዳለ እንዲቆይ ይታገላሉ።

ጋሽ ክንፉ ጡረታ የወጡ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ናቸው። የመጡት ለጎረቤታቸው ልጅ ለምንተስኖት ነው። ምንተስኖት መብራት ዘርጊ ነው፤ ሠላሳ ዓመቱ፤ የአቶ አስናቀን ልጅ ረድኤትን ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። ረድኤት ግን አንድ ነገር ቁርጥ አድርጋ ነግራዋለች፤ «አባቴ ሳይመርቀኝ ከዚህ ቤት አልወጣም።» ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ያለው በአባትየው አፍ ላይ ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሽማግሌዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጡ አቶ አስናቀ «እናጣራና ተመለሱ» ብለው ቀጠሮ ሰጡ። ደግ ነው፤ ያባት ነው። ድሮ ማጣራት ማለት ጎረቤት መጠየቅ፣ የንስሐ አባት መጠየቅ፣ የሥራ አለቃ መጠየቅ ነበር። ያሁኑን ማጣራት የተረከቡት ግን የአቶ አስናቀ ታናሽ ወንድም፣ አቶ ደምመላሽ ናቸው። እኚህ ሰው አዲስ ስልክ ከገዙ ወዲህ የማያውቁት ነገር የለም። ልቅሶ ቤት ተቀምጠው እንኳ «ስልካችሁን ዝጉ፣ ይሰሟችኋል! የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ!» እያሉ አልቃሹን ያስደነግጣሉ። «እኔ ማንም ሳያየኝ ገብቼ፣ ማንም ሳያየኝ የምወጣ ሰው ነኝ» ይላሉ፤ ሌባ እንደዚያ ቢል ይታሰር ነበር።

ይህን የሰሙት ጋሽ ክንፉ ቀጠሮው ሳይደርስ ምንተስኖትን ጠሩት።

«በል እስቲ፣ ያንን ስልክ አውጣ። አቶ ደምመላሽ የሚያዩትን ቀድመን እንየው። የራስህን ስም ጻፍና ፈልግ።»

«የራሴን ጋሼ?»

«የማንን ልትፈልግ ነው? ያንተን እንጂ!»

ፈለጉ። አወይ ጉድ! ልጁ ራሱ የረሳው ነገር ሁሉ ተግተልትሎ ወጣ። የጠፋ ቦርሳ ያስመለሰበት ማስታወቂያ፣ ሦስት ጊዜ የተወዳደረበት የሥራ ዝርዝር፣ በኮሌጅ ዘመኑ የከፈተው ገጽ ከነፎቶው።

«ይሄ ማነው፣ ጸጉሩ ወደ ላይ የቆመው?»

«እኔ ነኝ።»

«መኪናውስ?»

«የሰው ነው።»

«‹አዲሷ መኪናዬ› ይላል እኮ።»

ምንተስኖት ገጹን በጣቱ ወደ ታች ገፋው። ዝቅ ብሎ ደግሞ በትልቁ የተጻፈ አለ፤ «ትዳር ማለት በገዛ እጅ የሚገቡበት እስር ቤት ነው። እኔ ነጻ ሰው ነኝ!» ከተጻፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ጋሽ ክንፉ ላብ ላብ አላቸው። «አጥፋው! አሁኑኑ!»

«አልችልም ጋሼ። የይለፍ ቃሉ ጠፍቶኛል። የተመዘገበበት ሲም ካርድም ከድሮው ስልኬ ጋር ጠፋ። ማንም ያየዋል፤ እኔ ብቻ ነኝ መግባት የማልችለው።»

«ስለዚህ በገዛ አፍህ ላይ ቆልፈህ ቁልፉን ጣልክ በለኛ!»

«ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። አንዷ እምቢ ብላኝ ተናድጄ ነው የጻፍኩት። ለረድኤት አሳይቻታለሁ፤ ሳቀችብኝ። አባቷ ግን አይስቁም ጋሼ።» ልጁ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጋሽ ክንፉ ለአባትየው ምን ብለው እንደሚመልሱ አላወቁም። ዛሬ ሳሎኑ መሃል ቆመውም መልሱ አልመጣላቸውም።

አቶ ደምመላሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከጎናቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል።

«እንግዲህ አጣርቻለሁ» አሉ አቶ ደምመላሽ፣ ስልካቸውን ከፍ አድርገው። «ልጃችሁ መኪና አለኝ ብሏል። የለውም። ታርጋውን ጭምር አይቻለሁ፤ የመንግሥት ነው።»

«እውነት ነው፤ የለውም» አሉ ጋሽ ክንፉ። «እኛም ዛሬ በእግራችን ነው የመጣነው።»

አንድ ሁለት ሰው ፈገግ አለ። አቶ አስናቀ ግን አልሳቁም።

«መኪናው ይቅር!» አሉ አቶ ደምመላሽ። «ይሄኛውን ስሙት። እዚህ ለመድረስ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወደ ኋላ ሄጃለሁ። አንድ በአንድ ነው ያየሁት! ‹ትዳር ማለት በገዛ እጅ የሚገቡበት እስር ቤት ነው። እኔ ነጻ ሰው ነኝ!› ይኸው! በራሱ እጅ የጻፈው ነው። ወንድሜ፣ ልጅህን ለዚህ ትሰጣለህ?»

ጓዳ በር ላይ የቆመችው ረድኤት ፊቷ አመድ መሰለ። አቶ አስናቀ ጋሽ ክንፉን ትክ ብለው አዩ።

«ሽማግሌ አክባሪ ነኝ። ይሄን የጻፈው ልጃችሁ ከሆነ ግን የኔ መልስ...»

«አንድ ጊዜ አቶ አስናቀ፣ በእመቤታችን!» አሉ ጋሽ ክንፉ። መልሱ ከአባት አፍ አንዴ ከወጣ እንደማይመለስ ያውቃሉ። «መልሱ አይቸኩልም። አቶ ደምመላሽ፣ እስቲ ስልኩን ያቀብሉኝ። ሽማግሌ ነኝ፤ በጆሮዬ የሰማሁትን በዓይኔም ልየው።»

«ይዩት፣ ይዩት! ማስረጃ ነው!» አቶ ደምመላሽ ደስ ብሏቸው ሰጡ።

ጋሽ ክንፉ መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አጠለቁ። ጽሑፉን አነበቡ። ከጽሑፉ ሥር ቀይ ልብ አለ። ባለፈው ሳምንት ከምንተስኖት ጋር ሲያዩት ይህ ልብ እዚያ አልነበረም፤ ማንም ወዶት አያውቅም ነበር። በአውራ ጣታቸው ልቡን ነካ አደረጉት። ስም መጣ፤ ከነፎቶው። ጋሽ ክንፉ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ መልሰው አራቁት፣ ከዚያ አቶ ደምመላሽን አዩ።

«አቶ ደምመላሽ፣ ይሄ ቀይ ልብ ምን ማለት ነው?»

«ኤጭ! ይሄንንም አያውቁም? ያነበበው ሰው ጽሑፉን ሲወደው ይጫነዋል። ‹ሐሳብህ ሐሳቤ ነው፣ በርታ› እንደማለት ነው።»

«በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የወደደለት አንድ ሰው ነው ያገኘው።»

«አንድም ቢሆን እንደሱ ያለ ባለጌ ይኖራላ!»

«ታዲያ ይሄ ባርኔጣ ያደረገው ሰው እርስዎን መሰለኝ» አሉ ጋሽ ክንፉ፣ ስልኩን ለአቶ አስናቀ እያሳዩ።

አቶ አስናቀ አዩት። ወይዘሮ አስካለም አንገታቸውን አስግገው አዩት፤ ያዩት ነገር አልጥም ብሏቸው እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ወሰዱና እንደገና አዩት።

«ደምመላሽ!» አሉ። «እስር ቤት ነው? ሃያ ስድስት ዓመት ቀቅዬ ያበላሁህ እስር ቤት ነው?»

«አስኩዬ፣ ኧረ ስሚኝ!»

«ማንም ሳያየኝ የምትለው ለዚህ ነዋ! ነጻነት አምሮህ!»

አቶ ደምመላሽ ግንባራቸው ላይ ላቡ ችፍ አለ። «ኧረ በሚካኤል! እኔ ለማጣራት ስወርድ፣ ስወርድ፣ ጣቴ ሳላውቀው ነክቶት ነው! ጣቴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም! ሰው በጣቱ ስህተት ይፈረድበታል?»

ጋሽ ክንፉ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ተባረኩ አቶ ደምመላሽ! እኔ እዚህ ቆሜ የምናገረው ጠፍቶኝ ነበር። የእርስዎ ጣት በዚህ ሳምንት ሳተ፤ የእኛ ልጅ ጣት ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሳተ። እርስዎ በስድሳ ዓመትዎ፣ እሱ በሃያ አንዱ። ወይዘሮ አስካለ ለእርስዎ ጣት ምሕረት ካደረጉ፣ ከዚያችው ላይ ቆንጥረው ለእሱም ይስጡት፤ ካላደረጉ ግን ሁለታችሁም ያለ ሚስት መቅረታችሁ ነው!»

አቶ አስናቀ ሳቃቸውን ሊይዙት ሞከሩ፤ አልቻሉም። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። በመሀረብ ዓይናቸውን ጠረጉና ልጃቸውን አዩዋት። ረድኤት አንገቷን ደፍታለች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ። «ሽማግሌዎች፣ ተቀመጡ።»

ጋሽ ክንፉ ተመስገን ብለው ያንን ጉልበታቸውን አጠፉና ተቀመጡ። ከዚያ ጫማቸውን ፍለጋ ወደ በሩ የሚጣደፉትን ወይዘሮ አስካለን፣ ከኋላቸው «አስኩዬ፣ አስኩዬ» እያሉ የሚከተሉትን አቶ ደምመላሽንም አቶ አስናቀ በእጃቸው እያሳዩ፣

«አደራችሁን እንዳትሄዱ» አሉ፤ «መቼም ሽማግሌ ሆናችሁ መጥታችኋል፤ እነዚህንም አስታርቃችሁልኝ ትሄዳላችሁ።»