ጎተራው በሙሉ ለአያ ጅቦ

አንድ ጊዜ፣ ዋርካ አፋፍ በምትባል የእንስሳት ከተማ፣ አያ ጅቦ የሚባል የዘብ አለቃ ይኖር ነበር። ዋርካ አፋፍ እንደ ሌላው ዱር አልነበረችም። በከተማዋ ክልል ውስጥ ጎረቤት ጎረቤቱን አይበላም፤ ሕጉ ይኸው ነው። ሕጉ የወጣ ቀን አያ ጅቦ እንዲደገምለት ጠይቆ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ሲነበብለትም ያው ሆነበት።

እርስ በርስ መበላላት ስለቀረ ከተማዋ የጋራ ጎተራ አቆመች። ገብስ ያለው ገብስ፣ ማር ያለው ማር፣ ወደ ሩቅ አገር አደን የሚወጣው ደግሞ ቋንጣና አጥንት ያስገባል። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ የንጉሡ የአንበሳ አማካሪ እሜቴ ቀበሮ ጎተራውን ለሁለት ትከፍላለች። ይህንንም «በጀት» ትለዋለች። ግማሹ ወንዙ ዳር ለሚቆሙት ለአያ ጅቦና ለዘቦቹ ይሄዳል። ግማሹ ደግሞ ለእመት ጦጢትና ለእትዬ አህያ ነው። ጦጢት በሽተኛ ታክማለች፣ ምጥ የያዛትን ታዋልዳለች። አህያ ምንጩን ትጠርጋለች፣ ጧሪ ለሌላቸው ውሃና ምግብ ታደርሳለች፤ ካደረሰችም በኋላ ትንሽ ቁጭ ብላ ታጫውታቸዋለች።

አያ ጅቦ ያንን ሁለተኛውን ግማሽ ዓይኑ እያየ ማሳለፍ አልሆንለት አለ። እህሉ አህያዋ ላይ ሲጫን ባየ ቁጥር በዓይኑ ይሸኘዋል።

«ውሃ በመቅዳት የተባረረ ጠላት አለ?» ይላቸዋል ዘቦቹን።

«የለም» ይላሉ ዘቦቹ። በተለይ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ አጥብቀው ይስማማሉ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ነብር ወንዙን ተሻግሮ መጣና የበጊቱን ግልገል ከደጃፏ ይዞባት ሄደ። ዘቦቹ ሲደርሱ ከደም በቀር ያገኙት ነገር አልነበረም። በማግስቱ ከተማው ሁሉ ተሰበሰበ። የበጊቱን ፊት ደፍሮ የሚያይ ጠፋ፤ ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል።

አያ ጅቦ መሃል ላይ ቆመ።

«ዘቡ አንሷል፣ ጌታዬ» አለ ወደ አንበሳ ዞሮ። «ነብር የሚፈራው ጥርስ ነው። ጥርስ ደግሞ ካልበላ አይሠራም። ጎተራው በሙሉ ለእኔ ይሁን።»

«እኛስ?» አለች ጦጢት።

«እናንተ እስከ ዛሬ ነብሩን ምን አደረጋችሁት?»

ጦጢት አሰበች። «አላከምነውም» አለች።

እትዬ አህያ ከኋላ ሆና፣ «አባ ዝንጀሮ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ሚስታቸውም ሞታባቸዋለች። ማን ይደርስላቸዋል?» ብላ ጠየቀች።

ይህን ጊዜ በጊቱ ተነሣች። «ልጄን የወሰደብኝ ነብር ነው፤ ውሃ ጥም አይደለም» አለች። ከዚያ በኋላ የሚከራከር አልተገኘም።

ቀበሮ ብቻ ለስለስ አድርጋ ጠየቀች። «አያ ጅቦ፣ ጎተራውን በሙሉ ከሰጠንህ የከተማዋን ችግር በሙሉ ትይዝልናለህ?»

«በሙሉ!»

«ሌሊትም ቀንም፣ ትንሹንም ትልቁንም?»

«በሙሉ አልኩሽ እኮ!» አለ አያ ጅቦ። ከንግግሯ ውስጥ የሰማው «ጎተራውን» የሚለውን ብቻ ነበር። አንበሳም እንደተባለው ይሁን ብሎ ፈረደ። ጦጢት ቅጠሏንና ሥሯን ጠቅልላ ዛፏ ላይ ወጣች። አህያም የውሃ እንስራዎቿን አውርዳ ወንዝ ዳር ስትግጥ መዋል ጀመረች።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት የተድላ ቀናት ነበሩ። አያ ጅቦ ከየዋሻው የአጎትና የአክስት ልጆቹን አስጠርቶ ዘብ አደረጋቸው። ከእነዚህ መካከል ዳምጤ የሚባል አንገቱ ወፍራም፣ ልቡ ግን ቶሎ የሚባባ ጅብ ነበረ። ከተማዋ በጅብ ተሞላች። ነብሩም ድምፁ ጠፋ። በጊቱ እንኳ በሯን ከፍታ መተኛት ጀመረች፤ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። አያ ጅቦም ይህን እያየ ኮራ፣ በላ፣ ወፈረ።

አንድ ረፋድ ላይ ወጠጤው ፍየል እየሮጠ መጣ።

«አያ ጅቦ፣ ድረስልኝ! ሚስቴን ያዛት!»

አያ ጅቦ አጥንቱን ጣለ። «ማነው የያዛት?»

«ምጥ!»

«ምጥ? ከየት ነው የመጣው?»

«ከየትም አልመጣም፤ ቀኗ ደርሶ ነው እንጂ!»

አያ ጅቦ ዘቦቹን ሁሉ አስከትሎ ገሠገሠ። ቤቱን ዙሪያውን አስከበበ። «ምጥ! እጅህን ስጥ!» ብሎ ጮኸ። ውስጥ የነበረችው ፍየል በበሩ፣ በመስኮቱ፣ በግድግዳው ቀዳዳ ሁሉ የጅብ ፊት አየች። ወዲያው ወለደች። ራሷን ስታ ወደቀች እንጂ ልጇስ ደህና ነበረች።

«ሸሽቷል» አለ አያ ጅቦ ለወጠጤው። «ተመልሶ ቢመጣ ጥራኝ።»

ፍየሊት ግን ከዚያን ቀን ወዲያ ደሟ አልቆም ብሎ ሰነበተች። ከዘቦቹ የሚያክማት አልተገኘም። ጦጢት ስለ አዘነችላት ብቻ በጓሮ በኩል እየገባች ቅጠል ታጠጣት ነበር።

ይህ ባለፈ በሣልስቱ ጎረቤቶች ስለ አባ ዝንጀሮ አመለከቱ። ሽማግሌው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የሟች ሚስቱን ስም እየጠራ ይጮኻል፤ ሰፈሩ ዕረፍት አጣ። ድሮ በዚያ ሰዓት እትዬ አህያ ውሃ ይዛ ትሄድና አጠገቡ ትቀመጥ ነበር። አያ ጅቦ ሄደና «ዝም በሉ!» ብሎ አምባረቀ። አባ ዝንጀሮ ዝም አለ። አያ ጅቦ ጀርባውን ሲያዞር ሽማግሌው እንደገና ጀመረ። እንደገና ተመልሶ አምባረቀ። ፀሐይ እስክትጠልቅ እንዲህ ሲመላለሱ ዋሉ። በመጨረሻ «ዳምጤ፣ አንተ እዚህ ቁም። ሲጮኹ ዝም አሰኛቸው» ብሎ ሄደ። በማግስቱ ሲመጣ ከጎጆው የሚሰማው ልቅሶ የሁለት ሆኗል። ዳምጤ የሽማግሌውን እጅ ይዞ ይንሰቀሰቃል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ሚስታቸው ደግ ነበሩ፣ አያ» አለ ዳምጤ።

ምንጩም የሚጠርገው አጥቶ ጭቃ ሞላው። ንጹሕ ውሃ የሚወጣው ጥቂት ጥቂት ብቻ ሆነ። በወረፋው ከርከሮና አጋዘን ተፈነካከቱ። ዘቦቹ ሮጠው ገላገሉ። ከሰዓት በኋላ ሌሎች ተጣሉ፤ ዘቦቹ ገላገሉ። በነጋታውም እንዲሁ። አንዱ ዘብ ጭቃውን ለረጅም ጊዜ ትክ ብሎ አይቶት፣ «ይሄን እንሰረው?» ብሎ ጠየቀ። አያ ጅቦም ለአፍታ አሰበበት።

ከሁሉ የከፋው ግን የጃርቷ ነገር ነው። ጃርቷ እግሯ የተሰበረ፣ ጧሪ የሌላት፣ ከአህያዋ እጅ ትበላ የነበረች ናት። ርሃቡ ሲጠናባት ከጎተራው ስትሰርቅ ተያዘች። አያ ጅቦ በደስታ አሰራት፤ ይህ ሥራ ገብቶታል። ማታ ግን ቀበሮ ብቅ አለች።

«እስረኛዋ እራት በልታለች?»

«እኔ ምን አገባኝ?»

«የታሰረ መብላት አለበት። ችግር በሙሉ የአንተ ነው ብለናል።»

አያ ጅቦ ከራሱ ድርሻ ቆርሶ አበላት። እያንዳንዱ ጉርሻ ከእሱ ጉሮሮ የሚወጣ መሰለው። ወሬው ቶሎ ተሰማ። በማግስቱ ጠዋት ከእስር ቤቱ ደጃፍ ላይ አንዲት የከሳች ጥንቸል ቆማለች።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ሰርቄ ነው የመጣሁት።»

«ምን ሰረቅሽ?»

ጥንቸሏ ወደ ውስጥ አጮልቃ ጃርቷ የምትበላውን አየች። «እሷ የሰረቀችውን» አለች።

ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ ድኩላ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ አያ ጅቦ ከሳ። ጎተራው በሙሉ የእሱ ነው፤ ግን አፉ የሚደርሰው ከድሮው ግማሽ ያነሰ ሆነ። ዘመዶቹ ይበላሉ፣ እስረኞቹ ይበላሉ፤ ሰፈሩ በየሰዓቱ ይጠራዋል። የት ጋ እንደተሳሳተ ሊያስብ ይቀመጥና እንቅልፍ ይወስደዋል።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ወንዙ ዳር ብቻውን ቆሞ ነበር። ዘቦቹ ሁሉ በየሥራው ተበትነዋል። ፍየሊት ንጹሕ ውሃ ፍለጋ ወደ ላይኛው ወንዝ ወጥታለች፤ ያች በስንት ጭንቅ የወለደቻት ግልገል ብቻዋን ሣሩ ላይ ትፈነጥዛለች። አያ ጅቦ አንዴ አያት፣ ሕጉን አስታወሰ፣ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ያን ጊዜ ነው ነብሩን ያየው። ከውሃው ወጥቶ በሆዱ እየተሳበ ወደ ግልገሏ ይሄዳል።

አያ ጅቦ ዘቦቹን ተጣራ። ማንም አልመጣም። ደግሞ ተጣራ። ከሩቅ የምንጩ ሁካታ ብቻ ተሰማ።

መሸሽ አማረው። ነገር ግን ካለፈው ወር ወዲህ ከገጠመው ሁሉ፣ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቀው ይህን አንዱን ነበር። ዘልሎ የነብሩን ጅራት ነከሰና ያዘ። ነብሩ ዞሮ ጆሮውን ዘነጠለው፤ አያ ጅቦ ግን አልለቀቀም። ነብሩ ትከሻውን ቧጠጠው፤ አሁንም አልለቀቀም። ዓይኖቹን ጨፍኖ፣ ደሙ አፉ ውስጥ እየገባ፣ ጅራቱን ይዞ ብቻ ቀረ። እትዬ አህያ ጩኸቱን ሰምታ ከምትግጥበት ደረሰችና በኋላ እግሮቿ የነብሩን መንጋጋ አገኘችው። ነብሩ እየተንገዳገደ ወንዙ ውስጥ ገባ።

አያ ጅቦ ዘቦቹን ሰብስቦ፣ «የት ነበራችሁ?» ብሎ ጮኸ።

«ምንጭ ላይ ስንገላግል» አሉ ገሚሶቹ።

«እስረኛ ስናበላ» አሉ ሌሎቹ።

«አባ ዝንጀሮ ስለ ሠርጋቸው እያወሩኝ ነበር» አለ ዳምጤ። «ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል ጥያቸው መሄድ ነውር ሆነብኝ።»

በዚያው ቀን ከተማው ተሰበሰበ። አያ ጅቦ ጆሮው በቅጠል ታስሮ ቀረበ፤ ያሰረችለት ጦጢት ናት።

«ጌታዬ፣ ግማሹን ውሰዱልኝ» አለ።

አንበሳ በሕይወቱ ጅብ ምግብ ሲመልስ አይቶ አያውቅም። «ታመሃል?» አለው።

«አልታመምኩም። ነብር መያዝ እችላለሁ፤ ምጥ ግን መያዝ አልችልም።»

በዚህ ጊዜ ከርከሮ ከመሃል ዘሎ፣ «እንግዲያው ዘብ የሚባል ይቅር! ጎተራው በሙሉ ለጦጢትና ለአህያ ይሁን!» ብሎ ጮኸ። አንዳንዶች አጨበጨቡ።

«ነብሩ ሲመጣ ምን ላድርገው?» አለች ጦጢት። «ቅጠል ልቀባው?»

አህያም፣ «እኔ ዛሬ የረገጥኩት አያ ጅቦ ስለ ያዘልኝ ነው» አለች። «ባይይዘው ኖሮ እኔም ቀድሜ እሸሽ ነበር።»

ጭብጨባው ቆመ። ሁሉም ወደ በጊቱ ዞረ። እሷም ተነሣችና፣ «ልጄን የወሰደው ነብር ነው፤ ዛሬም እሱን እፈራለሁ» አለች። «ፍየሊት ግን ልጇን ትታ የሄደችው ነብር አስገድዷት አይደለም። ውሃ ጠምቷት ነው።»

አንበሳ ፈረደ። ወንዙ ዳር የሚቆሙት ዘቦች ጠግበው የሚቆሙበት ድርሻ ተሰጣቸው፤ የቀረው ለምንጩ፣ ለሐኪሟና ለደካሞቹ ሆነ። ትርፍ የሆኑት ዘመዶች ወደየዋሻቸው ተሰናበቱ። ዳምጤ ብቻ አልሄድም አለ። እትዬ አህያ ከራሷ ድርሻ እየሰጠችው አባ ዝንጀሮን እንዲጦር አደረገችው። ጃርቷና ጥንቸሏ ተፈቱ። ሽማግሌው ድኩላ ግን እስር ቤቱን ለምዶት ስለነበር ለማስወጣት ትንሽ ጉልበት ጠየቀ።

በጥቅምት ነብሩ መጣ። ከወንዙ ማዶ ቆሞ ተመለከተ። በየመታጠፊያው የበላና የነቃ ዘብ ቆሟል። ጥቂት ቆይቶ ፊቱን አዙሮ ወደ መጣበት ሄደ። ከተማው ይህን አልሰማም፤ ሁሉም በየሥራው ላይ ነበር።

አያ ጅቦ ግን ሮጦ ወደ አንበሳ ሄደ። «ጌታዬ፣ ነብሩ መጥቶ ተመለሰ!»

«ከእናንተ ሌላ ያየው አለ?»

«የለም።»

«የተነካስ?»

«ማንም አልተነካ።»

«እንግዲያው ሥራችሁን ሠርታችኋል» አለ አንበሳ፤ ተጨማሪ አጥንት ግን አልሰጠውም። አያ ጅቦ እስከ ወንዙ ድረስ እያሰበ ሄደ። ተመሰገነ ወይስ ተቀማ፣ ሊገባው አልቻለም።

ከዚህ የምንማረው፣ ከተማ ሰላም የምታገኘው በፍርሃቷ ቀን ያላትን ሁሉ ለጠባቂ በማስረከብ ወይም በቁጣዋ ቀን ጠባቂዋን በማባረር ሳይሆን፣ ለሚጠብቃትም ለሚንከባከባትም እንደየሥራው በማካፈል መሆኑን ነው።