የጋሽ ሸዋፈራ አነሳስ

አንድ ቀን ጠዋት፣ አየር ጤና አካባቢ ባለ አንድ ጂም ውስጥ፣ ኮች ኢዮስያስ ሙዚቃውን አጠፋና ከጠዋቱ ቡድን ጋሽ ሸዋፈራን ብቻቸውን ወደ መሃል ጠራቸው። ኮች ኢዮስያስ የማያውቀው ነገር የለም። አፉን ከከፈተ ስለ ቁርጭምጭሚት ብቻ ግማሽ ሰዓት ያወራል። ሰርተፍኬቱንም ማንም ሳያየው እንዳያልፍ መስታወቱ መሃል ላይ ለጥፎታል።

ጋሽ ሸዋፈራ የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን በልቅሶ ድንኳንና በስብሰባ ወንበር ሲጨርሱ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሎ፣ ሐኪም «ይንቀሳቀሱ» ቢላቸው ነው የመጡት። እውነት ለመናገር ተጠቅመዋል። ያንን ጓጉንቸር ቁልፍ የሚመስል ባለ እጀታ ብረት፣ ኬትልቤሉን፣ ደረታቸው ላይ አቅፈው ቁጢጥ ሲሉ ተረከዛቸው ከመሬት አይላቀቅም፣ ወገባቸውም አይጎብጥም። ችግሩ መነሳቱ ላይ ነው። መቀመጫቸው ትንሽ ከፍ ይልና ይመለሳል፤ ደግሞ ከፍ ይልና ይመለሳል።

«ዛሬ ቀጥ ብለው ካልቆሙ፣ ከነገ ጀምሮ ከሰዓት ከሚመጡት ጋር ነው የሚሠሩት» አላቸው ኮቹ።

ከሰዓት የሚመጡት ምርኩዝ ይዘው የሚገቡት ናቸው፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን ሲያወዛውዙ ቆይተው ይሄዳሉ። ይሄ ለጋሽ ሸዋፈራ የማይሆን ነው። የጠዋቶቹ የሰፈር ወዳጆቻቸው ናቸው፤ ከስፖርቱ ይልቅ የሚያድናቸው ከእነሱ ጋር ያለው ወሬ ነው። ደግሞስ የዕድሩ ዳኛ ከባለ ምርኩዞች ጋር ተመደቡ ተብሎ ቢወራ በምን ዓይናቸው ሰው ያያሉ።

ብረቱን አቅፈው ወረዱ። አወራረዳቸው ያምራል። ከዚያ መነሳት ጀመሩና ግማሽ ላይ ሲደርሱ ተመልሰው ቁጢጥ አሉ። ከኋላ አንዱ ሳቁን በፎጣ አፈነ።

«አያችሁ?» አለ ኮቹ ወደ ሁሉም ዞሮ። «ዳሌያቸው ይታጠፋል፣ ቁርጭምጭሚታቸው ተፍታቷል፣ ግን አይጨርሱም። ስንቱን ሰው ሳሠለጥን እንዲህ ያለ አነሳስ አይቼ አላውቅም። ማነው ያስተማረዎት ጋሼ?»

«አይተህማ ታውቃለህ» አሉ እዚያው ቁጢጥ እንዳሉ። «ለቅሶ ተቀምጠን ሰው ሲገባ ‹ኖር› ብለን ብድግ እንላለን። ገና ግማሽ ሳንደርስ የመጣው ሰው ‹በእግዜር፣ አይነሱ› ይለናል፤ ቁጭ እንላለን። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የተነሳሁት እንደዚህ ነው። ከግማሽ በላይ ያስነሳኝ ጨዋ ሰው የለም።»

«ይሄ እኮ ጂም ነው ጋሼ፣ ድንኳን አይደለም።»

«ይሁና። ይኸው ከመጣሁ ጀምሮ ይሄን ብረት ተሸክሜ፣ ፊቴ ለተገተርከው ለአንተ ጠዋት ጠዋት እየተነሳሁልህ ነው። አንድ ቀን ‹በእግዜር› ብለኸኝ ታውቃለህ? የእኔን አነሳስ አንተ ታስተካክላለህ እንበል፤ ያንተን አስተዳደግ ማን ያስተካክለው?»

ኮች ኢዮስያስም ለካ ወላጅ አሳድጎታል። ፊቱ ቀላ፣ እጁ ሳያውቀው ደረቱ ላይ ሄደ፣ ከወገቡም ጎንበስ አለ።

«በእግዜር ጋሼ፣ በእግዜር… ይቀመጡ» አለ።

ጋሽ ሸዋፈራ ኬትልቤሉን አስቀምጠው አግዳሚው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ፤ የጠዋቱ ቡድንም የየራሱን ብረት እያስቀመጠ ከጎናቸው ተደረደረ።