አያ ጓንጉል ኮሚቴ የገቡ ዓመት

የዝግባ አምባ ሰዎች የአያ ጓንጉልን ነገር ሲያነሡ አስቀድመው ይስቁና ነው የሚጀምሩት። አያ ጓንጉል ዝምተኛ ነበሩ። ገበያ ውለው ሲመለሱ «ምን አዩ?» ቢሏቸው «ሰው» ብለው የሚያልፉ ሽማግሌ።

በባላባት ዘመን ነው። ለመንደሩ ሦስት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ተሠራና ኮሚቴ ይመረጥ ተባለ። ሊቀመንበሩ የአገሩ ባላባት ባላምባራስ ይርዳው፣ ጸሐፊው ዲሬክተሩ መምህር አስናቀ፣ አባላቱ ነጋዴው አቶ መርሻና መሪጌታ ኅሩይ ሆኑ። የወላጆች ተወካይ ሲቀር ሕዝቡ «አያ ጓንጉል!» አለ።

ባላምባራስ ቅር አላቸው። «አንተ ፊደል ያልቆጠርክ ሰው፣ ስለ ትምህርት ምን ታውቃለህ?»

አያ ጓንጉል ኩታቸውን አስተካከሉና፣

«ስለ ረሃብ የሚጠየቀውማ የጠገበው አይደለም፣ ጌታዬ።»

በኅዳር ባላምባራስ ጤፋቸውን አስወቅተው ጎተራው ሞላባቸው። ለጥቂት ቀን ብለው ትርፉን በጆንያ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ አስቆለሉት። ልጆቹ ዋርካ ሥር ወጡ። ጥር አለፈ፣ የካቲት ገባ፣ ባላምባራስ ገበያው እስኪወደድ ይጠብቃሉ፤ ጤፉ እዚያው ነው። የአያ ጓንጉል የልጅ ልጅ ዘርትሁን ከእነዚያ ልጆች አንዷ ናት። የበልጉ ዝናብ ሲጀምር በስብሳ መጣች። «ነገ ትቅር» አለች እናቷ። ጎረቤቱም ልጆቹን ማስቀረት ጀምሯል። ክፍሉ ካልተለቀቀ ሦስተኛ ክፍል ከነጭራሹ እንደሚበተን ለአያ ጓንጉል ገባቸው፤ ስብሰባ ላይ አነሡት።

«ጤፍ እኮ ዝናብ ከነካው አለቀለት» አሉ ባላምባራስ። «ልጅ እንደሁ ቢረጥብም ይደርቃል።»

«እውነትዎን ነው፤ ጤፉስ ባለቤት አለው።»

እንግዲያው ለልጆቹ ዳስ ይሠራ ተባለ። የአቶ መርሻ ሱቅ ቆርቆሮ ሞልቶታል፤ ሰውየው ግን ከንፍገቱ የተነሣ ዝንብ ያልባል የሚባል ነው። ሁሉም ዞሮ ሲያየው ጉሮሮውን ጠረገ። «ቆርቆሮው የሽያጭ ነው። እኔ ምክር አዋጣለሁ።»

«ደግ» አሉ አያ ጓንጉል፤ «ሲዘንብ ልጆቹን ምክሩ ሥር እናስጠልላቸዋለን።»

መሪጌታ ኅሩይ ነገሩ እንዳይከር ብለው ገቡ። «ዝናቡ ጥቂት እንዲቆይልን ምህላ ብንይዝስ?» ገበሬው ሁሉ ዝናብ ሲለምን የከረመ ነው።

«መሪጌታ፣ ባላምባራስን ከመለመን ሰማዩን መለመን ቀለለዎት?»

ያን ቀን ሰው ሳቁን በነጠላው ዋጠ ይላሉ።

በሌላው ስብሰባ መምህር አስናቀ የኮሚቴውን ሥራ እንዲያስረዳ ተጠየቀ። እንጀራው በባላምባራስ እጅ ነውና መሬት መሬት እያየ፣ «ተማሪ እንዳይቀር መከታተል፣ መምህሩን ማገዝ፣ ቤቱን መጠበቅ ነው» አለ።

ባላምባራስ ደረታቸውን ነፉ። «ቤቱንስ ጠብቄ ያቆየሁት እኔ ነኝ።»

«አሳምረው ጠብቀዋል እንጂ፤ እንኳን ሌባ ተማሪም አልገባበት።»

መጋቢት ላይ የትምህርት ኢንስፔክተሩ መጣ። በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፤ ባላምባራስን ማዘዝ የሚችለውም እሱ ብቻ። ገና ከበቅሎው ሳይወርድ፣ «የልጆችን ክፍል ለሌላ ነገር ያዋለ ኮሚቴ ካለ ሳላስለቅቅ አልሄድም» አለ።

ባላምባራስ ግን ቀድመውታል። የሦስተኛ ክፍል ልጆችን ከነመምህራቸው ወንዝ ዳር ድንጋይ ልቀሙ ብለው ልከው፣ በሩን ቆልፈዋል። «ሦስተኛ ክፍሎች ፈተና ላይ ናቸው፤ ባንረብሻቸው» አሉ።

ኢንስፔክተሩ ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ። ኮሽታ የለም። መሪጌታ መቋሚያቸውን አዩ፣ አቶ መርሻ ሰማዩን፣ መምህር አስናቀ ጫማውን። ባላምባራስ ደግሞ አያ ጓንጉልን አፍጥጠው አዩ። አያ ጓንጉል የሚያርሱት የባላምባራስን መሬት ነው። ይህ እንግዳ ዛሬ ከሄደ ግን ለዘርትሁን መምጫው ለከርሞ ነው።

«አባቴ፣ የወላጆች ተወካይ እርስዎ ነዎት?» አለ ኢንስፔክተሩ። «እንዲህ ጸጥ ያሉ ልጆች አይቼ አላውቅም። ጠባያቸው እንዴት ነው?»

አያ ጓንጉል አንዴ በሩን፣ አንዴ ባላምባራስን አዩና፣

«ጠባያቸውስ ደግ ነው፣ ጌታዬ፤ ከኅዳር ጀምሮ ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም። ያስቸገረን አይጥ ነው፤ ሆዳቸውን እየቀደደ ያፈሳቸዋል።»